ሁለት ዓይነት ጨርቅ በአንድ አንሶላ፦ ለአጠና ተራው ልብስ ሰፊ ምስጋና

አዲስ አበባ፣ አጠና ተራ አካባቢ ስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ለሚሠሩት ጋሼ ይህን ምስጋና በአደባባይ መጻፍ ተገቢ መስሎናል። ስማቸው እንዲጠራ አልፈቀዱም። ስለዚህ የምንጽፈው ስለ ሥራቸው ነው፤ አድራሻቸውን የፈለገ በግል ይጠይቀን።

ሥራው ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ተኝተው በአንሶላ የማይስማሙበት ጉዳይ ነው። አንዱ ሌሊት ያልበዋል፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ገላ ላይ የማይጣበቅ ጨርቅ ይፈልጋል። ሌላዋ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር የአዲስ አበባ ብርድ አልጋ ውስጥ ስትገባ እግሯ በረዶ ይሆናል። ብዙ ቤት አንዱ ዝም ብሎ ይችለዋል፣ ወይም ጋቢ ደርቦ ይተኛል። ጋሼ ግማሹን በአንድ ጨርቅ፣ ግማሹን በሌላ ጨርቅ አድርገው አንድ አንሶላ ያወጣሉ። ሁለት ጨርቅ ገጥሞ መስፋት ብርቅ አይደለም። ብርቁ ከብዙ እጥበት በኋላም አንሶላው ዝርግ ሆኖ መቆየቱ ነው። መጋረጃና አንሶላ የሚቆርጥ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል።

የሚያስቸግረው መሰብሰብ ነው። ጥጥ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይሰበሰባል። ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ፖፕሊን ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊገባ ይችላል፤ ፊቱ ፀጉር ፀጉር ያለው፣ የሕፃናት መጠቅለያ የሚሠራበት ፍላኔል ደግሞ ልል ስለሆነ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሰው ሠራሹ ፖሊስተር ግን ከነአካቴው አይሰበሰብም ማለት ይቻላል። እስቲ አስሉት፦ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ80 የሆነ ስፌት ላይ አንዱ ወገን 8 በመቶ ቢገባ 22 ሴንቲሜትር ግድም አጠረ ማለት ነው። ያልገባው ወገን መሄጃ ያጣና ስፌቱ ዳር ዳር ላይ ተጨማዶ ይከመራል። ሌሊት ጎን ላይ የሚቆረቁረው እሱ ነው። ተተኩሶም አይስተካከልም፤ መድኃኒቱ ፈትቶ እንደገና መስፋት ብቻ ነው።

ጋሼ ለዚህ ያላቸው መልስ ቀላል ነው፤ ጨርቁን ሳይቆርጡ ያጥቡታል። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ አንሶላው ወደፊት በሚታጠብበት ሙቀት፣ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ አድርቀው፣ ተኩሰው፣ ከዚያ ነው ሜትር የሚያወጡት። ቀለም ያለው ጨርቅ ከሆነ ጫፉን አርሰው ነጭ ጨርቅ ላይ በካውያ ይጫኑታል፤ ቀለሙ ከወጣ ከነጭ ጋር አይገጥሙትም። በዚህ ምክንያት ሥራቸው ይዘገያል። ክረምት ላይ ጨርቅ ማድረቁ ብቻ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ለሠርግ የሚቸኩል ሰው ሌላ ቦታ ይሂድ።

ሁለተኛው፣ ምናልባትም ትልቁ ነገር፣ የጨርቅ ምርጫው ነው። ደንበኛ መጥቶ ግማሹን ጥጥ፣ ግማሹን ሳቲን ቢላቸው ይከራከራሉ። ገበያ ላይ ሳቲን እየተባለ የሚሸጠው አብረቅራቂ ጨርቅ በብዛት ፖሊስተር ነው። ላብ አይመጥም፣ ከሰውነት ሥር ይንሸራተታል፣ ከጥጡ ጋር በአንድ ካውያ አይተኮስም። ካውያው ላይ ያሉትን ነጥቦች ያስተዋለ ያውቃል፦ ሦስት ነጥብ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የጥጥ ነው፤ የፖሊስተሩ ከሁለት ነጥብ አያልፍም። በሦስት ነጥብ ጥጡን እየተኮሱ ስፌቱን አለፍ ያሉ እንደሆነ ሳቲኑ ይኮማተራል፣ ባስ ሲልም ካውያው ላይ ይጣበቃል።

ስለዚህ የእሳቸው ምክር ልዩነቱ በሽመናው ይሁን እንጂ በዘሩ አይሁን ነው። ሁለቱም ወገን ንጹሕ ጥጥ ይሆናል። ለሚሞቀው ሰው ድርና ማጉ አንድ በላይ አንድ በታች እየሆነ የተሸመነ፣ ሳሳ ያለ ፖፕሊን፤ ለሚበርዳት ፀጉሩ አየር ይዞ የሚያቆይ ፍላኔል። ለስላሳና ቀልጠፍ የሚል የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ የጥጥ ሳተን አለ፤ ማጉ በሦስት ወይም በአራት ድር ላይ እየዘለለ ስለሚሸመን ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ግን ጥጥ ነው፣ ውኃም እሳትም እንደ ጥጥ ይችላል። ከተልባ የሚሠራው ሊነን ለሚያልበው ሰው ከሁሉም ይሻላል፤ ውድ ነው፣ ሲጨማደድም አያሳፍርም። ሊነንና ፖፕሊን በደንብ ይግባባሉ።

ነጋዴው ጥጥ ነው ያለው ጥጥ መሆኑን እንዴት ያውቃሉ? ከጫፉ ጥቂት ክር መዝዘው፣ በመቆንጠጫ ይዘው ክብሪት ይጭሩበታል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲያሹት የሚበተን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን ከእሳቱ እየሸሸ ይቀልጣል፣ የፕላስቲክ ሽታ ያወጣል፣ መጨረሻው ላይ ጥፍር የማይሰብረው ጥቁር ፍሬ ይቀራል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱም ይታያሉ፦ አመዱ ውስጥ ጠጣር ነገር ጣት ላይ ይቆረቁራል። ይህን ድርን ለብቻ፣ ማግን ለብቻ አድርገው ነው የሚፈትኑት፤ ድሩ ፖሊስተር ሆኖ ማጉ ጥጥ የሆነ ጨርቅ አለና። በነገራችን ላይ ማሸጊያ ላይ «1000 ክር» (በአንድ ካሬ ኢንች ውስጥ ያለው የድርና የማግ ብዛት) ተብሎ ለተጻፈ አንሶላ ብዙ ገንዘብ አትክፈሉ። ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ተገምደው እያንዳንዳቸው ሲቆጠሩ ቁጥሩ ያብጣል እንጂ ጨርቁ አይሻልም። ጥሩ ፖፕሊን ከ200 እስከ 300 ባለው ውስጥ ይገኛል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ባለ 1.80 አልጋ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ የፍራሹ ውፍረት 25 ሴንቲሜትር እንበል። ላስቲክ ያለው የታችኛው አንሶላ በእያንዳንዱ ጎን 25 ለውፍረቱ፣ 12 ከፍራሹ ሥር ለሚገባው፣ 3 ለላስቲኩ እጥፋት፣ በድምሩ 40 ሴንቲሜትር ይጨመርበታል። ስለዚህ ወርዱ 2.60፣ ቁመቱ 2.80 ይሆናል። ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ግማሽ 1.30 ሆኖ 2 ሴንቲሜትር የስፌት ይጨመራል፤ 1.32። ሰው የማያስበው ጥቅም እዚህ አለ፦ ሙሉ አንሶላ ከ2.50 በላይ ወርድ ያለው ጨርቅ ሲጠይቅ፣ ግማሹ ግን ተራው ባለ 1.50 ወርድ ጨርቅ ይበቃዋል። በመቶ 8 ለሚገባው ፍላኔል እንኳ ከመታጠቡ በፊት 1.44 ቢሆን ነው። ምርጫው የሚሰፋው ስለዚህ ነው፤ ሰፊ ጨርቅ ፍለጋ መርካቶን መዞር የለም።

ለቁመቱ ፖፕሊኑን 3 ሜትር፣ ፍላኔሉን 3 ሜትር ከ10 ግዙ። ለላይኛው አንሶላም ያንኑ ያህል። 50 በ70 ለሆነ ትራስ ሁለት ሁለት የትራስ ልብስ ከተጨመረ ለፖፕሊኑ 1.80፣ ለፍላኔሉ 1.90 ይበቃል። በድምሩ 8 ሜትር ፖፕሊንና 8 ሜትር ከሩብ ፍላኔል ይዞ የሄደ ሰው ጨርቅ አያጥረውም። ፍራሹን ግን ራሳችሁ ለኩት፤ ነጋዴ የነገራችሁን ውፍረት አትመኑ። ስፖንጅ ሲተኙበት ይወርዳል፣ ባለ ስፕሪንጉ ደግሞ ከላዩ ለስላሳ ንጣፍ ካለው 30 ያልፋል።

ስፌቱ ላይ ስንደርስ የእጃቸው ነገር ይታያል። የመኪናው እግር ከላይ ይጫናል፣ ጥርሱ ግን ከታች ይስባል፤ ስለዚህ የታችኛው ጨርቅ ቀድሞ ይሄዳል፣ የላይኛው ይተርፋል። ሳይጠነቀቁ 2.80 የሰፋ ሰው መጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ትርፍ ጨርቅ ይጠብቀዋል፤ ቆርጦ ይጥለዋል፣ አንሶላው ግን ከዚያ ወዲያ ጠማማ ነው። ጋሼ ልሉን ፍላኔል ከታች፣ ፖፕሊኑን ከላይ ያደርጋሉ፤ ጥርሱ ልሉን እየሰበሰበ ያስገባዋል። በየ25 ሴንቲሜትሩ ሁለቱም ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ በመሃሉ በስፒል ይይዙታል። መርፌ ቁጥር 14፣ የስፌቱ ርዝመት ሦስት ሚሊሜትር ግድም።

መገጣጠሚያው የጂንስ ሱሪ የጎን ስፌት ዓይነት ነው። መጀመሪያ ተራ ስፌት ይሰፋል፤ ከዚያ የፍላኔሉ ትርፍ ወደ ግማሽ ሴንቲሜትር ይከረከማል፤ የፖፕሊኑ ትርፍ ታጥፎ ያንን ይሸፍነውና ሁለቱም ወደ ፍላኔሉ ተኝተው በሁለተኛ ስፌት ይጣበቃሉ። ወፍራሙ መከርከሙ ነው ቁም ነገሩ። በተቃራኒው የተሠራ አይተናል፤ አልጋው መሃል ገመድ የተዘረጋ ይመስላል። ኦቨርሎክ (ጠርዝ እንዳይተረተር የሚይዝ የመኪና ስፌት) ብቻ አድርጎ መተውም አለ፤ ይፈጥናል፣ ግን ጠርዙ ይቆማል፣ ገላም ያሳክካል። ሁለቱን ግማሽ በዚፕ ማያያዝ የሚጠይቁ ደንበኞች አሉ፤ ለየብቻ ለማጠብ ይመቻል ብለው። ጋሼ እሺ አይሉም፣ እኛም ከእሳቸው ጋር ነን፦ ዚፕ ይቀዘቅዛል፣ የእግር ጥፍር ይይዛል፣ ላስቲኩ ወደ ጎን ሲስበው ጥርሱ ይከፈታል።

ለማዕዘኑ ከአራቱም ጥግ 39 በ39 ካሬ ቆርጠው ያወጣሉ፤ አንድ ሴንቲሜትሩ ለስፌት ነው። ላስቲኩን በማዕዘን ብቻ አይተዉትም፤ ዙሪያውን ያስገቡታል። ማዕዘን ላይ ብቻ ሲሆን መሃል ያለው ስፌት ሌሊት እየተንሸራተተ ወደ አንዱ ሰው ጎን ይሄዳል፤ የድንበር ክርክር ደግሞ ከመሬት ወደ አልጋ እንዲመጣ ማን ይፈልጋል።

ይበልጥ የወደድነው ትንሽ ነገር አለች። እንዲህ ያለ አንሶላ ራስጌው ወደ ግርጌ ዞሮ ቢነጠፍ ሁለቱ ጨርቆች ቦታ ይቀያየራሉ፤ የሚበርዳት ፖፕሊን ላይ፣ የሚያልበው ፍላኔል ላይ ያድራል። በመብራት ግልጽ ነው፤ መብራት በሄደበት ምሽት ለሚያነጥፍ ግን አይታይም። ጋሼ በግርጌው፣ ስፌቱ ጫፍ ላይ፣ የጥብጣብ ቁራጭ እጥፍ አድርገው ይሰፉበታል። ጣት በዳሰሳ ያገኘዋል። ለዚህም ነው ትዕዛዝ ሲቀበሉ ማን በየት ጎን እንደሚተኛ የሚጠይቁት፤ ከግርጌ ሆነው አልጋውን እያዩ ግራና ቀኙን ተናገሩ፤ ተኝቶ የሚቆጥር ሰው ያገላብጠዋል።

የላይኛው አንሶላ ላይ መገጣጠሚያው እስከ ላይ አይሰፋም። ከግርጌ ተነስተው ሦስት አራተኛውን ሰፍተው ራስጌ ላይ 70 ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ይተዉታል፤ ሁለቱ ወገን በ15 ሴንቲሜትር ይደራረባሉ። ያልበው የእሱን ገልጦ ይተኛል፣ የእሷ አይነካም። ክፍተቱ የሚጀምርበት ነጥብ ላይ ጉልበቱ ሁሉ ስለሚያርፍ ካልተጠናከረ እዚያው ይቀደዳል፤ ወዲያና ወዲህ አምስት ስድስት ጊዜ በመኪና ይመላለሱበታል። ፍላኔሉ ስለሚከብድ ፖፕሊኑን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ለዚህ ግርጌው ላይ ከፍራሹ ሥር የሚገባ 40 ሴንቲሜትር ትርፍ ይተዋሉ። ይህ ሁሉ የማይበቃው ቤት ካለ ጀርመንና ስዊድን ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ፦ የታችኛው አንሶላ አንድ ሆኖ የላይኛው ለየሰው ለየብቻ። ጋሼም ይህንኑ ይሰፋሉ፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

አጠባበቁን በቃል ነው የሚነግሩት፤ ወረቀት አይሰጡም፣ ይህ አንዱ ጉድለታቸው ነው፣ ስለዚህ እኛ እንጻፈው። ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ክሩን ይሸፍንና ላብ መምጠጡን ይቀንሳል። በረኪና ለነጭ ፖፕሊን እንኳ አልፎ አልፎ ብቻ፤ ጥጡን ያሳሳል፣ ባለ ቀለሙን ፍላኔል ደግሞ ያነጣዋል። ስታሰጡ ስፌቱን ገመዱ ላይ አሳርፉት፤ ፖፕሊኑ በአንድ ወገን፣ ፍላኔሉ በሌላው ይውረድ። ፍላኔሉ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ከፖፕሊኑ ዘግይቶ ይደርቃል፤ ፖፕሊኑን ነክታችሁ ደርቋል ብላችሁ አጥፋችሁ ካስቀመጣችሁት ሰኔና ሐምሌ ላይ ይሸታል። ሁልጊዜ ስፌቱንና የፍላኔሉን ጠርዝ ዳስሱ።

ሌላው ጉድለታቸው ስልክ አያነሱም፤ በአካል መሄድ ነው። ጨርቁን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሄዱ ይመርጣሉ፤ የሚያስከፍሉት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፣ ግማሹን ቀድመው ይቀበላሉ። ካልታጠበ ጨርቅ ጋር ሄዳችሁ ዛሬውኑ ቁረጡልኝ ብትሏቸው አይቆርጡም። የፍራሹን ወርድ፣ ቁመትና ውፍረት በሴንቲሜትር ጽፋችሁ፣ የማን ጨርቅ የቱ እንደሆነ ከግርጌ በኩል ግራና ቀኝ ብላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚያሰፋ ሰው ይበዛባቸዋል።