ስፕሊት ለምትሄዱ፦ እናቴን ከዲዮቅልጥያኖስ ጋር ያገናኙልን አስጎብኚ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ የዛሬ ወር፣ ገና የመስቀል ሰሞን ነበር። ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ሙኒክ መጥታ ነበር። ሐዋሳንና ላንጋኖን ታውቃለች፤ ባሕር ግን አይታ አታውቅም። ስለዚህ ክሮሺያ ልወስዳት ወሰንኩ። ክሮሺያ በ2023 መጀመሪያ ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ማኅበር) ውስጥ ስለገባች የእናቴ የጀርመን ቪዛ በቂ ነበር። ገንዘባቸውም በዚያው ቀን ዩሮ ሆኗል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው።

ስፕሊት የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ገባን። በኢንተርኔት የተከራየሁት ቤት ማስታወቂያው ላይ “ለባሕር ቅርብ” ይል ነበር። እውነት ነው፣ ቅርብ ነው። አራተኛ ፎቅ መሆኑንና ሊፍት እንደሌለው ግን አልነገሩኝም። እናቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና “እኔ ባሕሩን በመስኮት አየዋለሁ፣ አንተ ሂድ” አለችኝ። ጉልበቷ ያማታል። ጉዞው በመጀመሪያው ቀን አበቃለት አልኩ።

በማግስቱ የቀጠርኳቸው አስጎብኚ መጡ። ስድሳን የተሻገሩ ሴትዮ፣ የስፕሊት ተወላጅ የሆኑ፣ ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚ ናቸው። ልጅነታቸውን ጀርመን ስላሳለፉ ጀርመንኛው እንደ ውሃ ነው። እናቴ ስትራመድ አንድ ጊዜ አዩና የያዙትን ወረቀት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። “መጀመሪያ ቡና” አሉ። ሪቫ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ ዘንባባው ሥር አስቀመጡን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ታሪክ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እናቴን ስለ ልጆቿ ነበር የሚጠይቋት። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባን። ሦስት ሄክታር ገደማ የሚሆን የሮማ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ነው፤ የከተማው እምብርት እሱው ነው። ዛሬም ሰው ይኖርበታል። በ1,700 ዓመት ግድግዳ ላይ ካልሲ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ሴትየዋ ገና “ዲዮክሌሲያን...” ብለው ሲጀምሩ፣ ሳልተረጉምላት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

“ማን አሉ? ዲዮቅልጥያኖስ?”

የመሪጌታ ልጅ ናት። ስንክሳር ሲነበብ እየሰማች ነው ያደገችው። ክርስቲያኖችን ያስፈጀው ዲዮቅልጥያኖስ፣ የባሕረ ሐሳቡ ዓመተ ሰማዕታት ከነገሠበት (እ.ኤ.አ.) ከ284 የሚቆጠረው፣ መስከረም 11 የሚታሰበው የቅዱስ ፋሲለደስ ታሪክ ውስጥ ያለው፣ እሱ ራሱ። እኔ ለባሕር ብዬ አምጥቻት እሱ ቤት ገብተናል! አስጎብኚዋ ይህን ስተረጉምላቸው ቆሙ። ስንት ዓመት ሲያስጎበኙ ይህን ስም እንዲህ የሚያውቅ ሰው አላጋጠማቸውም። ከዚያ በኋላ ጉብኝቱ የሁለቱ ሆነ።

ዲዮቅልጥያኖስ የዚያው አገር ልጅ ነበር። በ305 ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቅቆ እዚህ ጡረታ ወጣ። ተመለስና ንገሥ ሲሉት፣ በእጄ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ ይህን አትጠይቁኝም ነበር አለ ይባላል። እናቴ “ያን ሁሉ ሕዝብ ፈጅቶ ጎመን!” ብላ ከት ብላ ሳቀች። አስጎብኚዋም ሳቁ፤ ከዚያ ወደ ካቴድራሉ ወሰዱን። ካቴድራሉ የንጉሡ መቃብር ቤት የነበረ ነው። ሬሳ ሣጥኑ የት እንደገባ አይታወቅም። በቦታው የሚከበረው በእሱ ዘመን በ304 የተገደለው፣ ሳሎና የምትባለው የጎረቤት ጥንታዊ ከተማ ጳጳስ ዶምኒየስ ነው፤ የከተማው ጠባቂ ቅዱስ። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ረጅም ጸሎት አደረሰች። ሴትየዋ ሰዓታቸውን አላዩም። የተዋዋልነው ለሁለት ሰዓት ነበር፤ አራት ሰዓት ቆየን። የጨመርኩላቸውን ገንዘብም አልተቀበሉኝም።

ቀኑ ዓርብ ነበር። እናቴ እንደምትጾም ስነግራቸው ገበያ ወሰዱንና ሶፓርኒክ የሚባል ነገር አስገዙን። በስስ ሊጥ መሐል ቆስጣና ሽንኩርት ተደርጎ ይጋገርና ከላዩ የወይራ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይቀባል። የእነሱም የጾም ምግብ ነው። እናቴ ሁለት ቁራጭ በላች፤ እሷ የውጭ ምግብ ትበላለች ብሎ የሚያምነኝ ዘመድ የለም።

ማታ ስልኬ ጮኸ፤ አስጎብኚዋ ናቸው። “ነገ የቆረጣችሁት ካታማራን አይሄድም፣ ዩጎ እየመጣ ነው” አሉኝ። ዩጎ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍስ፣ እርጥብና ሞቃት ነፋስ ነው። ማዕበል ያስነሣል፣ ትንንሾቹ ፈጣን ጀልባዎች ይሰረዛሉ። በክረምት ደግሞ ቡራ አለ፤ ከተራራው እየተወረወረ የሚወርድ ብርድ። እኔ ስልኬ ላይ የማየው ፀሐይ ስለነበር አላመንኳቸውም። ጠዋት ተሰረዘ። እሳቸው ባሉን መሠረት ከሰዓት መኪና በሚጭነው ትልቁ መርከብ ወደ ሕቫር ደሴት ሄድን። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ግን እንደ ቤት ነው፤ ወንበር አለ፣ ቡና አለ፣ ጉልበት ይዘረጋል።

ክሮሺያ ከትንንሽ ቋጥኞቹ ጋር ከ1,200 በላይ ደሴቶች አሏት። እኛ ያየነው አንዱን ነው፣ ሕቫርን። ብዙ ሰው የሚሄደው ጭፈራ ወዳለበት ሕቫር ከተማ ነው። እሳቸው ግን እዚያው ደሴት ላይ ያለችው ስታሪ ግራድ ከተማ እደሩ አሉን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 የመጡ ግሪኮች ሜዳውን በድንጋይ ካብ ከፋፍለውት፣ ወይኑና ወይራው ዛሬም በዚያው ክፍፍል ይለማል። ካቡን ሳይ ኮንሶ ትዝ አለኝ። ባሕሩ ዳር አሸዋ አትጠብቁ፤ ጠጠርና ድንጋይ ነው። የላስቲክ ጫማ ያዙ። እኔ ሳልይዝ ገብቼ እንደ ጃርት እሾሃም የሆነች የባሕር ፍጥረት ረገጥኩ። ለአስጎብኚዋ ስደውል የወይራ ዘይት ቀባና በመርፌ አውጣው አሉኝ። ያወጣችልኝ እናቴ ናት፣ እየተቆጣች።

ዱብሮቭኒክም ሄደናል። ግንቡ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ያምራል፣ ግን ሰው በሰው ላይ ነው፤ ለጉልበት ሕመምተኛ አልመክርም። አንድ ነገር ብቻ፦ በመኪና ከሄዳችሁ በ2022 በተከፈተው በፔልዬሻትስ ድልድይ በኩል እለፉ። በድሮው መንገድ ቦስኒያ ገብታችሁ ትወጣላችሁ። ቦስኒያ ሸንገን አይደለችም፣ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ላለው ሰው ጣጣ ነው። ይህንንም የነገሩን እሳቸው ናቸው። ድልድዩን የሠራው የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው ስላት እናቴ “እዚህም አሉ?” አለች።

ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ጠይቀውኛል፤ በቀን ከአንድ ቡድን በላይ አይቀበሉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ጀርመንኛም እንግሊዝኛም ይችላሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም ሰዉም ስለሚበዛ መስከረም ላይ ብትሄዱ ይሻላል፤ ውሃው ገና አልቀዘቀዘም።

ስትደውሉ ማን ላካችሁ ካሏችሁ፣ በጎመኑ የሳቀችው ሴትዮ ልጅ በሏቸው።