የሉክስ ዲስክ የይለፍ ሐረግ፦ በአንድ ትእዛዝ መቀየር ወይስ አዲሱን ጨምሮ አሮጌውን መሰረዝ?

ሐዋሳ ላይ መብራት ሳይታሰብ ሊጠፋ ይችላል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዞ በሉክስ (ሊኑክስ ዲስክን በሚመሰጥርበት ሥርዓት) የተቆለፈ ዲስኩን የይለፍ ሐረግ ለሚቀይር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የይለፍ ሐረጉ ፋይሎቹን በቀጥታ አይመሰጥርም፤ የሚመሰጥራቸው ሌላ ዋና ቁልፍ ነው፣ ሐረጉ እሱን ይከፍታል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ፋይሎቹም አይነኩም።

ሉክስ የሚታዘዝበት ፕሮግራም ክሪፕትሴትአፕ ነው፤ «ሉክስ ቼንጅ ኪ» የተባለው ትእዛዙ አሮጌውን ጠይቆ በአዲሱ ይተካል። ባዶ የቁልፍ ቦታ ካገኘ (አንዱ ቦታ አንድ ሐረግ ይይዛል፤ ሉክስ 1 በጠቅላላው 8፣ ሉክስ 2 እስከ 32 አለው) አዲሱን ጽፎ ነው አሮጌውን የሚያጠፋው። ካጣ ግን እዚያው ላይ ይጽፋል፤ መብራት የሚያስፈራው ያን ጊዜ ነው።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፦ በ«ሉክስ አድ ኪ» አዲሱን መጨመር፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በአዲሱ መክፈት፣ ከተከፈተ በኋላ በ«ሉክስ ሪሙቭ ኪ» አሮጌውን ማስወገድ። ይረዝማል፤ ግን ሐረጉን በአማርኛ ኪቦርድ የጻፈ ሰው ሲነሣ የሚመጣው ኪቦርድ የእንግሊዝኛ ሆኖበት በር ላይ ሊቀር ይችላል። አሮጌው ገና ስላለ ያድነዋል።

በየትኛውም መንገድ አስቀድማችሁ የሄደሩን (የቁልፍ ቦታዎቹ ያሉበት የዲስኩ ክፍል) ቅጂ ፍላሽ ላይ ያዙ። ሲያልቅ ግን ያንን ቅጂ አጥፍታችሁ አዲስ ውሰዱ፤ የድሮው ቅጂ በድሮው ሐረግ ዲስኩን ይከፍታልና።