ባለ ሰርቮ ሞተር ስፌት ማሽን ሐረር ጁገል ቤት ውስጥ፦ ከወራት በኋላ

ከመስቀል ጀምሮ እየሠራሁበት ነው። ቻይና ሥሪት የኢንዱስትሪ ማሽን ነው። በቤት መብራት፣ በ220 ቮልት ይሠራል፤ ሦስት ፌዝ አይጠይቅም። የምሰፋው የነደባ (የሐረሪ ቤት የመቀመጫ መደብ) ትራስ ልብስና የሸራ ቦርሳ ነው።

የገዛሁት ለድምፁ ስል ነው። የድሮው ክላች ሞተር አንዴ ከበራ፣ ሰፋችሁም አልሰፋችሁም ያጓራል፤ መብራትም ይበላል። ሰርቮው ፔዳሉ ካልተረገጠ ዝም ነው። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ብሆን ማንም ጉዳዬ አይለኝም ነበር፤ እዚያ መንገዱ ሁሉ ስፌት ነው። እኛ ጋ ግን ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። አሁን ማታም እሰፋለሁ፣ እስካሁን ግድግዳ ያንኳኳብኝ የለም።

ማስገባቱ ፈተና ነበር። ባጃጅ እስከ መታጠፊያው ድረስ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ወዲያ በሸክም ነው። ጭንቅላቱ ብቻ ወደ 30 ኪሎ ይሆናል። ጠረጴዛው ተፈታትቶ ገባ። ያስቀመጥኩት በሩ አጠገብ ነው፣ የድሮ ቤት ብርሃኑ ከበር ነዋ። ጨርቅ የምቆርጠው ነደባው ላይ ነው። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር "አንሺ፣ አንሺ!" ትላለች።

ወደ ስፌቱ ልምጣ። ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ መቻሉ ለጥግና ለዚፕ ግሩም ነው፤ መርፌው አንድ አንድ እያለ ይወርዳል። ከፋይ ላይ ግን ያናድዳል። ጥርሱ ከታች ያለውን ጨርቅ ብቻ ስለሚጎትት የላይኛው ወደኋላ ይቀራል። የትራሱ ጫፍ ላይ ስትደርሱ የላይኛው ጨርቅ ጣት የሚያህል ተርፎ ታገኙታላችሁ። እኔ ቀድሜ በእጅ መርፌ ላላ አድርጌ አያይዘዋለሁ፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ሌላ መላ ግን አላገኘሁለትም። ለከፋዩ 14 ቁጥር መርፌ፣ ለሸራው 18። የቦርሳው እጀታ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ሸራው አራት ድርብ ስለሚሆን ፔዳሉን ትቼ ጎማውን በእጄ አዞራለሁ።

የቤት ማሽን መርፌ አይገባለትም። የዚህኛው መርፌ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ክብ ነው፣ ስትገዙ አሳዩና ውሰዱ። ዘይቱም የራሱ ነጭ ቀጭን ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይት እንዳታስቡት። ገንዳው ላይ ካሉት ሁለት ምልክቶች መሃል ከሆነ ይበቃዋል። ብዙ ቀን ካረፈ መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አስኪዱት፣ ያንጠባጥባል።

ትልቁ ስጋቴ መብራት ነው። ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፣ ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ይዘላል፤ የሞተሩ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ይህን አይወድም። ስታብላይዘር አለኝ፣ እንደዚያም ሆኖ መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን እነቅላለሁ። የድሮዋን የእግር መኪናም አልሸጥኳትም። ለሸዋል ኢድ ትእዛዝ ሲደራረብ፣ መብራቱ በሄደ ቁጥር የደረሰችልኝ እሷ ናት።

ለትራስ ለሚሰፋ ሰው ግዙ እላለሁ። ቦርሳ ብቻ ብሰፋ ግን ይሄን ትቼ፣ ጨርቁን ከላይ የሚጫነው እግሩ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚራመደውን ዓይነት ነበር የምገዛው፤ ዋጋው ከበድ ቢልም።