የናስ ዳዶ ለማርሚታ፦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ

ሰኔ ሳይገባ በሞተር ሳይክሌ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ የታሰሩት ሁለቱ የናስ ዳዶዎች በጥር ሲፈቱ ቁልፍ የፈለጉት ለመጀመሪያዋ ሩብ ዙር ብቻ ነው፤ የቀረው በጣት ወጣ። ስለዚህ ዕቃ ሌላ የምለው ባይኖር እንኳ ገንዘቡን መልሷል እላለሁ። ክረምት የከረመበት የብረት ዳዶ እንዲህ አይወጣም። ወይ ጥጉ ይላጣል፣ ወይ ስታዱን (ዳዶው የሚጠመዘዝበትን ባለ ጥርስ ዘንግ) ይቆርጠዋል፣ ወይ ስታዱን ከቴስታታው (ከሞተሩ የሲሊንደር ክዳን) ነቅሎ ይመጣል። የመጨረሻው የደረሰበት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ስታድ ርካሽ ነው።

ሞተሩ 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። የማርሚታው ቱቦ ቴስታታው ላይ የሚታሰረው በሁለት ኤም 8 (የ8 ሚሊ ውፍረት) ስታዶች ሲሆን ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ነው። ቦታው መጥፎ ነው። የፊት ጎማው ጭቃ ይወረውርበታል፣ ጭቃው ትኩስ ብረት ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ዝናብ ወይም የላቫጆ ውሃ መልሶ ያርሰዋል። ዝገት ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል አብጦ ዳዶውን ከስታዱ ጋር ይቆልፈዋል። ናስ ይህን ዝገት አያወጣም። በሙቀትም ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ ሞተሩ ሞቅ ሲል በቀላሉ ይለቃል።

«ናስማ በማርሚታ ሙቀት ይቀልጣል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ናስ የሚቀልጠው 900 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም ግን በ660 ይፈሳል፣ ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው። ዳዶው ከመቅለጡ በፊት የሚታሰርበት ቴስታታ አይኖርም። «የማይዝገውን ብረት ውሰድ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። የማይዝግ ዳዶ በማይዝግ ስታድ ላይ ያለ ቅባት ከጠበቀ ጥርሶቹ ተፋፍቀው ይጣበቃሉ፤ ያኔ ቁልፍ ሳይሆን መጋዝ ነው የሚፈታው።

ስትገዛ ማግኔት ያዝ። ቢጫ የተቀባ ብረት ይሳባል፣ ናስ አይሳብም። እኔ የምመርጠው ረዘም ያለውንና ጫፉ የተደፈነውን ነው፤ እንደ ቆብ ሆኖ የስታዱን ጥርስ ከጭቃ ይሸፍናል። ግን የውስጡን ጥልቀት ለካ። ከስታዱ የወጣው ክፍል ከረዘመ ዳዶው ጫፉን ነክቶ ይቆማል፤ የጠበቀ ይመስላል፣ ቱቦው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ጭስም ያፈስሳል።

አሮጌውን መፍታት ላይ ናሱ ምንም አይረዳም። ከዳዶው የወጣውን የስታድ ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ጥረግና ማታ ዝገት ሰርሳሪ ዘይት ቀባው፣ ጠዋት ድገመው። ከሌለህ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅል፤ ቀለም ይልጣል፣ እሳትም ፈጽሞ አይቅረበው። ቁልፉ ባለ ስድስት ጥግ ይሁን፤ በአንዳንዱ ሞተር 12 ቁጥር፣ በሌላው 13 ነው። መጀመሪያ በጣም በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው ነካ አድርገህ መልስ። እየሄደ ከጠበቀብህ አታስገድደው፤ ግማሽ ዙር መልሰህ ዘይት ጨምር። ካልሆነ ዘይቱን በደንብ ጠርገህ፣ የቤንዚን ጋኑን አውርደህ ዳዶውን በእሳት አሙቀው። ብዙ ሰው እስኪቆረጥ ይታገላል፤ ዳዶውን በጎኑ በመጋዝ ሰንጥቆ በመሮ መክፈት ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ስታዱም ይተርፋል።

ስታዱ ተቆርጦ ጥቂት ከቀረ ቀሪው ላይ ዳዶ ይበየድ፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ይሰብረዋል። ገጹ ላይ እኩል ከተቆረጠ መሃሉን በትክክል ነጥቦ በ6.8 ሚሊ ፑንታ መብሳትና በማስኪዮ (በጥርስ ማውጫ መሣሪያ) ጥርስ ማውጣት ይቀራል። ቀዳዳው ትንሽ ቢያጋድል አሉሚኒየሙን ይበላል፤ ለዚህ ቶርኖ ቤት ክፈል። ጠመዝማዛውን የስታድ መንቀያ አልመክርም። ውስጥ ከተሰበረ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ተራ ፑንታ አይበሳውም።

አዲሱን ስታድ ለማስገባት ሁለት ዳዶ እርስ በርስ ቆልፈህ የውጭውን አዙር፤ ለማውጣት የውስጡን። የቱቦው ቀለበት ጋስኬት አዲስ ይሁን። ጥርሱ ላይ የመዳብ ቅባት ስስ አድርገህ ቀባ። መመሪያው ለደረቅ ጥርስ 20 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ካለ ለተቀባው ናስ 15 ይበቃል። ሁለቱን እያፈራረቅህ አጥብቅ፣ የኋላው የማርሚታ ማሰሪያ ግን እስከዚያ ላላ ብሎ ይጠብቅ። የኋላው ቀድሞ ከጠበቀ ቱቦው ስታዱን ወደ ጎን ይስበዋል፤ «ሳልነካው ተሰበረ» የሚባለው ስታድ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

የናሱ ጉድለት ለስላሳነቱ ነው። ያለቀ ክፍት ቁልፍ ጥጉን ወዲያው ይልጠዋል። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም ትንሽ ስለሚላላ በቀዝቃዛው አንዴ መጥበቅ አለበት። ሻጩ ይህን ሲሰማ ስፕሪንግ ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባ ቀለበት) ሊጨምርልህ ይሞክራል። አትግዛው፤ በዚያ ሙቀት ስፕሪንግነቱን አጥቶ ይተኛል፣ ያኔ ዳዶው የባሰ ይላላል።