አራቱ ቀለም፣ መዶሻው ወይስ የሪሞት መኪናው?

ጎንደር ፒያሳ ከአንዱ የመጫወቻ ሱቅ ገብታችሁ «የልጅ እጅና ዓይን የሚያፈጥን ነገር አለ?» ብትሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ይወጣላችኋል፤ ባለ አራት ቀለም መብራት፣ የሚበራ ጉብታውን በመዶሻ የሚመቱት ወይም የሪሞት መኪና። ሦስቱም ይበራሉ፣ ሦስቱም ይጮኻሉ። የሚያሠለጥኑት ግን ለየቅል ነው። ለስምንት ዓመቱ ልጄና ለአምስት ዓመቷ እህቱ ሦስቱንም ገዝቼ ስላየሁ ነው የምጽፈው።

የባለ አራት ቀለሙ መነሻ በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ሳይመን ነው። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ በተርታ ይበራሉ፤ ልጁ ያንኑ ይደግማል፤ በየዙሩ አንድ ይጨመራል። ሻጮች ለፍጥነት ነው ይላሉ። ዋና ሥራው ግን ማስታወስ ነው፤ ልጁ ቀጥሎ የሚጫነውን አስቀድሞ ያውቃልና። ለትኩረት ከሆነ ግዙት፣ ለፍጥነት ግን አልመክርም።

መዶሻው ሌላ ነው። የትኛው ጉብታ እንደሚበራ ስለማይታወቅ ልጁ አይቶ፣ ወስኖ፣ መምታት አለበት። አዋቂ ሰው እንኳ መብራት አይቶ ቁልፍ እስኪጫን ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ትንሽ ልጅ ከዚያም ይዘገያል፣ እያደገ ሲሄድ ይፈጥናል። ለልጄ መጀመሪያ የገዛሁላት አንድ ፍጥነት ብቻ ነበረው። መዶሻዋ ሳይደርስ መብራቱ ይጠፋል፤ በሦስተኛው ቀን ጥላው ሄደች። ደረጃ ያለውን ስቀይርላት ከቀርፋፋው ጀምራ ራሷ ከፍ እያደረገችው መጣች። አንድ ነገር ደግሞ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሩ፦ ሁለት ጊዜ አስነስታችሁ ተርታውን ተመልከቱ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ከበራ ልጁ በቃሉ ይይዘዋል፤ ያኔ ለፍጥነት መግዛታችሁ ቀረ።

ለእጅና ለዓይን ቅንጅት መኪናውን የሚያህል አላገኘሁም። ሁለት አውራ ጣቶች የተለያየ ሥራ ይሠራሉ፣ ዓይን መንገዱ ላይ ነው። ከሁሉ የሚከብደው መኪናው ወደ ልጁ ፊቱን አዙሮ ሲመጣ ነው፤ ቀኝና ግራ ይገለበጣሉ። ልጄ ይህን ለመልመድ ሳምንታት ፈጅቶበታል፤ እኔም ስሞክር ከግድግዳ ጋር አላትሜዋለሁ። ጎማው ትንሽ ከሆነ በኮብልስቶናችን ስንጥቅ ይያዛልና ሰፊ ጎማ ያለውን ምረጡ። ለሁለት ልጆች ሁለት መኪና የምትገዙ ከሆነ የሪሞቱ የሬዲዮ ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚል ይሁን፤ 27 ሜጋኸርዝ የሆኑ ሁለት መኪናዎች አንዱ ሪሞት የሌላውን እየነዳ ልጆቹን ሊያጣላ ይችላል።

እንግዲህ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ ደረጃ ያለው መዶሻ፣ ከሰባት በላይ ለሆነ መኪናው ይሻላል ባይ ነኝ። ኪስ ካልፈቀደም አትጨነቁ። ቅልልቦሽ የምትጫወት ልጅ ጠጠሩን ወርውራ፣ ሌላውን ከመሬት አፍሳ፣ የወረወረችውን ሳይወድቅ ትቀልባለች፤ ከሦስቱ መጫወቻዎች አንዱም ይህን ሁሉ በአንድ እጅ አያሠራም።

የባትሪ ድንጋይም ወጪ ነው። ርካሹ ድንጋይ መኪና ላይ ቶሎ ያልቃል፣ አልካላይኑ ይቆያል። በቻርጅ የሚሠራው ቁጠባ አለው፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ግን ሲመጣ ጠብቆ መሙላት ያስፈልጋል።

ከመክፈላችሁ በፊት የባትሪውን ክዳን ገልብጣችሁ እዩ። እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነ ባትሪ ካለበትና ክዳኑ በብሎን ካልታሰረ፣ እባካችሁ አትግዙት። እንዲህ ያለው ባትሪ ተውጦ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ልጅ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «ከሰገራ ጋር ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ እንዲያስመልሰውም አታድርጉ፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።