አያት አካባቢ የፎርጂ ራውተር ላስቸገራችሁ

ሰላም ጎረቤቶች። የማመሰግነው አንድ የአንቴና ባለሙያ አለ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ስልኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

የኛ ቤት ነገር ግራ የገባው ነበር። ራውተሩ ላይ ባሩ ሙሉ ነው፣ ቪዲዮ ግን ይንቀራፈፋል፣ ማታ ማታማ ጭራሽ አይታሰብም። የሱቆቹ መልስ ያው "አዲስ ግዙ" ነው። ልጁ ግን መጥቶ የራውተሩን ገጽ ከፈተና ኤስ.አይ.ኤን.አር (ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳይ ቁጥር) የሚል ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። "ሲግናሉ ጠንካራ ነው፣ ጥራቱ ግን 2 ዴሲቤል ብቻ። የሌላ ታወር ሞገድ እየረበሻችሁ ነው።"

ታዲያ ይሄ ከፍጥነት ጋር ምን አገናኘው አልኩት። የልጄን ዳማ አነሳ።

ታወሩ ዳታ በሞገድ ላይ የሚጭንበት ኳም የሚሉት ዘዴ እንዲህ ነው። ታወሩ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሁለት ሞገድ ይልካል፣ አንዱ ከሌላው ሩብ ዙር የዘገየ። አንዱ ጫፍ ሲደርስ ሌላው ዜሮ ላይ ስለሚሆን ራውተሩ ሳያምታታ ይለያቸዋል። የአንዱ መጠን ቆርኪው የትኛው ረድፍ ላይ እንዳለ ይናገራል፣ የሌላው ደግሞ የትኛው ዓምድ ላይ። ዳማው 64 ቤት አለው፣ ስለዚህ ቆርኪውን አንዴ ማስቀመጥ ብቻ 6 ቢት (ስድስት የ0 ወይም የ1 ምልክት) ይዞ ይሄዳል። በፎርጂ ይህ በእያንዳንዷ ጠባብ የሞገድ መስመር ላይ በ1 ሚሊ ሰከንድ 14 ጊዜ ይደረጋል! 256 ቤት ቢሆን ደግሞ በአንዴ 8 ቢት።

ከዚያ ሰሌዳውን ነቀነቀው። ቆርኪው ፈቀቅ አለ፣ የቱ ቤት ላይ እንደነበረ ማን ይወቅ? ረብሻ ሲበዛ ታወሩ ቤቶቹን አስፍቶ ወደ 16፣ ብሎም ወደ 4 ይቀንሳቸዋል። ያኔ በአንዴ የሚያልፈው 2 ቢት ነው። ባር ሞልቶ ኔት የሚሞተው ለዚህ ነው።

በረንዳው ላይ አቅጣጫ የሚይዝ አንቴና ሰቀለ፣ ቁጥሩን እያየ ቀስ እያለ ሲያዞረው ሲያዞረው 19 ላይ ቆመ። የሚገርመው ባሩ አንድ ቀነሰ፣ ኔቱ ግን ይበራል።

ዋጋው አይጎዳም። ከታች ያሉትን ጎረቤታችንን "እናቴ፣ እርስዎ ጋ አንቴና ለውጥ አያመጣም" ብሎ ሳንቲም ሳይቀበል ነው የወጣው። ስትደውሉለት ራውተራችሁ ከኋላው የአንቴና መሰኪያ እንዳለው አስቀድማችሁ እዩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።