በልጄ ክንድ ላይ ያለው የስኳር ሴንሰር፦ ከ9 ወር በኋላ

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለባት ያወቅነው ባለፈው ሰኔ ነው። ክንድ ላይ የሚለጠፈውን ሴንሰር ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ እየተጠቀምን ነው። የብራንዱን ስም አልጠራም። የምጽፈው ልጁ በድንገት ታሞበት ግራ ለገባው ወላጅ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰኔ ላውራ። ውሃ ውሃ ትል ነበር። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች፣ ዩኒፎርሟ ሰፋባት፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይወስዳታል። የወሰድናት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠን። በአምስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረች፣ ትንፋሿ ፈጠነ፣ አፏም የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታ አመጣ። ሆስፒታል ስንደርስ የመለኪያው ማሽን ቁጥር እንኳ አላወጣም፤ ስኳሯ ማሽኑ ከሚችለው በላይ ነበር። ከጣቷ አንድ ጠብታ ደም ቢወሰድ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። እባካችሁ፣ ልጃችሁ ውሃ ካበዛ፣ ሽንት ካበዛና ከከሳ «ስኳሩን ለኩልኝ» በሉ። ዝም አትበሉ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅ፣ የስኳር መለኪያ ማሽንና ስትሪፕ (የደሙ ጠብታ የሚነካበት፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ) ይዘን ወጣን። ጣቷን በቀን 4 ጊዜ እንወጋለን። ስትሪፕ ውድ ስለሆነ ከዚያ በላይ አንችልም። በአራቱ ቁጥሮች መሃል ግን ምን እንደሚሆን አናውቅም። እኔና እናቷ ሌሊቱን ተካፍለን እንነቃለን፤ እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ ላብ አላት የላትም እያልኩ ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ አላስታውስም። ዱባይ ያለችው እህቴ ይህን ስትሰማ ከፋርማሲ ሁለት ሴንሰር ገዝታ በመንገደኛ ላከች።

ሴንሰሩ የሳንቲም ያህል ነው። ከክንድ በስተኋላ ይለጠፋል፣ ቀጭን ክር የምትመስል ነገር ቆዳ ውስጥ ትገባለች። ልጄ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ «አለቀ እንዴ?» አለች። 14 ቀን ይቆያል። ስልክ ላይ ቁጥሩ፣ የሚወጣ ወይም የሚወርድ መሆኑን የሚያሳይ ቀስት፣ የቀኑም ግራፍ ይመጣል። ስኳሯ ከ70 ሲወርድ ስልኩ ይጮሃል።

ትልቁን ነገር ያየነው በአራተኛው ሌሊት ነው። ማታ ከእራት በፊት የምትወጋው ደብዛዛው ኢንሱሊን፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ማለቴ ነው፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት ላይ ስኳሯን ወደ 60 ያወርደዋል። ማለዳ ላይ ደግሞ መልሶ 250 ይሆናል። እኛ የምናየው የጠዋቱን 250 ብቻ ስለነበር «ኢንሱሊኑ አነሳት» ብለን ነበር። ሐኪሟ ግራፉን አይታ መጠኑን ቀነሰችው፣ ሰዓቱንም ወደ መኝታ አዛወረችው። በዚያው ሳምንት ሌሊቱ ተስተካከለ። ይሄን በጣት ስትሪፕ ለማግኘት ልጅን ሌሊት ሙሉ መውጋት ይጠይቃል። ሌላ ምንም ባይጠቅመን እንኳ ለዚህ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ምግቡንም ቢሆን አዲስ ሆነን ተማርነው። እንጀራ በሽሮ ስትበላ ስኳሯ ቶሎ አይወጣም፣ ግን ረጅም ሰዓት ከፍ ብሎ ይቆያል። ነጭ ዳቦና ስኳር ያለው ሻይ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያሻቅባል። ቡና ሲፈላ የምትበላው ፈንድሻ ደግሞ አስደነገጠን፤ ምግብ አድርገነው አናውቅም ነበር። ኢንሱሊኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ስንወጋት ግራፉ በግልጽ ለየት ይላል። የእናንተ ልጅ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የእኔን ቁጥር አትቅዱ፣ የራሳችሁን ልጅ ግራፍ እዩ።

አሁን ደካማ ጎኑ። ሴንሰሩ የሚለካው ደሙን አይደለም፣ ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ስኳሯ በፍጥነት ሲቀያየር ጥቂት ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። የመጀመሪያው ቀን ቁጥርም ብዙ አይታመንም። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት 52 ብሎ ጮኸ። እናቷ እየሮጠች ጭማቂ አመጣች፣ ልጅቷን ከእንቅልፏ ቀስቅሰን አጠጣናት፣ ጠዋት 270 ሆና ተነሳች። ለካ በሴንሰሩ ላይ ተኝታበት ነበር። ክንዱ ሲጫን ቁጥሩ በውሸት ይወርዳል። አሁን ገልበጥ እናደርጋትና ጣቷን እንለካለን። እየተንቀጠቀጠች ወይም አልቧት ከሆነ ግን ምንም አንጠብቅም፣ ስኳር እንሰጣለን፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመን እንለካለን። ስለዚህ ማሽኑንና ስትሪፑን አትጣሉ። ሴንሰር ያለው ቤትም ያስፈልገዋል።

ማጣበቂያው ሌላ ራስ ምታት ነው። ከተጠቀምናቸው 12 ሴንሰሮች ሁለቱ ሳይጨርሱ ተላቀዋል፣ አንዱ ገመድ ስትዘል፣ አንዱ በበር ተመትቶ። እናቷ ከሻወር በኋላ ቅባት ትቀባት ነበር፣ ያንን ክንድ ላይ አቁመናል። ከመለጠፉ በፊት በአልኮል ጠርገን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እንጠብቃለን፣ ዙሪያውን በፕላስተር እንይዘዋለን፣ መሃሉን ግን አንሸፍንም። ሲነሳ ቆዳዋ ይቀላል። በሚቀጥለው ሌላኛው ክንድ ላይ እናደርጋለን።

ትምህርት ቤት ስልክ አይፈቀድም። ከሐኪም ደብዳቤ ወስደን አሮጌ ስልኬን ቦርሳዋ ውስጥ እንድትይዝ ተፈቀደ። ስልኩ አጠገቧ ከሌለ አላርሙ አይሰማም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ ቦታ ሆኜ ቁጥሯን አላይም፤ መብራት ማታ ጠፍቶ ስልኩ ሳይሞላ የሄደችባቸው ቀናትም አሉ። እነዚያ ቀናት ከብደውኛል። ያሳረፈችኝ መምህሯ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ አድርጌ «ዝም ካለች፣ ካላበች፣ ያለ ምክንያት ከተናደደች ይሄን ስኳር ስጫት» አልኳት። መሳቢያዋ ውስጥ የታሸገ ጭማቂ አስቀምጣላታለች። እግዚአብሔር ይስጣት።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሴንሰሩን ሲያዩ አለቀሱ። «ልጄን ብረት ሰካችሁባት፣ ጸበል ውሰዷትና መርፌውን ተዉት» አሉ። ክፉ አስበው አይደለም። እኔም ፈራሁ እንጂ አልተቆጣሁም፤ የልጄ ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል፣ መርፌው ከቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። የንስሐ አባታችንን ቤት ጠራናቸው። «ጸበሉንም ትጠጣ፣ መድኃኒቱንም ትውሰድ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት አላርም ሲጮህ ቀድመው የሚነሱት እማማ ናቸው።

ዋናው ችግር ማግኘቱ ነው። ለወር ሁለት ይፈልጋል፣ ለእህቴ ከባድ ነው፣ መንገደኛ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሁለቱ ደግሞ እጃችን ሲገቡ ቀናቸው አልፎ ነበር። ስለዚህ 9 ወር ሙሉ አላደረገችም። ጥቂት ብቻ የምታገኙ ከሆነ አከታትላችሁ አትጨርሱ። ሐኪም ኢንሱሊኑን ለሚቀይርበት፣ ልጁ ለሚታመምበት፣ ፈተና ለሚሆንበት ጊዜ አስቀምጡት። በመሃሉ የጣቱን ቁጥር ከምግቡና ከሰዓቱ ጋር ደብተር ላይ እንጽፋለን፣ ሐኪሟም ደብተሩን እንደ ግራፉ አድርጋ ታነበዋለች።

አሁን ክንዷ ላይ ያለው ሐሙስ ያልቃል። ሌላ የለንም። ስትሪፕ ገዝቻለሁ፣ የስልኬን አላርም ለሌሊቱ 9 ሰዓት ሞልቻለሁ። እህቴ በወሩ መጨረሻ የሚመጣ ሰው አግኝታለች።